ኩኩሉ ብዬ ያንቀላፋሁ ዕለት

ሰው ሲያረጅ ፍርሃት ይለቀዋል ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ፣ ወይ አላረጀም ወይ ዋሽቷችኋል። እኔ በልጅነቴ የምፈራው ጅብንና የኔታን ብቻ ነበር። ጅቡ በሌሊት፣ የኔታ በቀን ስለነበሩ ሰዓታቸው ሳይጋጭ ተራ በተራ እየፈራሁ አደግሁ። አሁን ግን ፍርሃቴ እንደ ጎረቤት ዶሮ በየአቅጣጫው ይገባል። ደረጃ እፈራለሁ። የደም ግፊት መለኪያ እፈራለሁ። ባጃጅ ሲታጠፍ እፈራለሁ። ልጄ መሠረት ዝም ስትል ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እፈራለሁ። የእነዚህ ሁሉ አለቃ ግን ሌላ ነው፤ ከጉልበት በታች ያለው ሕዝብ ነው። ጥርሱ ገና የበቀለ፣ አፍንጫው የማይደርቅ፣ ያየውን ሁሉ የሚቀምስ ሕዝብ። ይህን ሕዝብ በጅምላ ያየሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። እዚያ የገጠመኝን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ ግድ የለም፤ እኔ ያን ዕለት አልሳቅሁም እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሠረት ኮሌጅ ታስተምራለች። ባሏ የመንገድ ሥራ ሆኖበት ደልጊ በኩል ነው የሚከርመው። ሴት ልጃቸው ሶልያና ከአራስ ቤት ከወጣች ጀምሮ ቀን ቀን የምትውለው ከእኔ ጋር ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር መጋረጃው ብቻ ነበር፤ ይህች ልጅ መጥታ ነው ቤት ቤት የሸተተኝ። ስሟ ለአፌ ስለሚረዝም «እሜትዬ» እላታለሁ። እናቷ ሥራ ስትሄድ እኔና እሜትዬ ፀሐይ እንሞቃለን። ፀሐዩ ሲበረታ ጥላ ሥር እንገባለን። ጥላው ሲቀዘቅዝ ወደ ፀሐዩ እንመለሳለን። ለሁለት ሰው በቂ ሥራ ነው። ከምሳ በኋላ ደረቴ ላይ አጋድሜ አስተኛታለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደሚተኛ ግን አልነግራችሁም።

አንድ ቅዳሜ መሠረት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ልጇን ስታይ ዋለች። እሜትዬ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ግቢውን በዝግታ ትዞራለች። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ጉልበቷን ይዛ «እህህ» ብላ ተቀመጠች። የጎረቤት ዶሮ በፊቷ ሲያልፍ ራሷን ነቀነቀችና «ኤዲያ» አለች።

«አባዬ» አለች መሠረት፣ «ይህች ልጅ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።»

«ይሙላላት።»

«ያላት ቃል ‹ኤዲያ›ና ‹ወይ ጉድ› ብቻ ነው። አትሮጥም። አትጮኽም። ልጅ ሰጥቼዎት ትንሽ ሽማግሌ ነው ያሳደጉልኝ።»

«ረጋ ያለች ልጅ ናት። አንቺም እንዲሁ ነበርሽ።»

«እኔ ዛፍ ላይ ነበር የምውለው። ልጅ ከልጅ ጋር መጫወት አለባት አባዬ።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ልጅ ነዎት?»

ለዚህ ጥያቄ ባለቤቴ ብትኖር የሚሆን መልስ ነበራት።

ሰኞ ለት ማቆያው ሄድን። ኃላፊዋ ሚስ ሐና ናት፤ ልጆቹ ሁሉ «ሚስ» ስለሚሏት እኔም ሚስ አልኋት፣ አፌ ላይ ግን እንደ ትኩስ ድንች ነበር። ሥርዓቱን አስረዳችን። ልጅ ተጥሎ አይኬድም። መጀመሪያ ሰሞን የምታውቀው ሰው አብሯት ይውላል፤ እሷ እየለመደች ስትሄድ ሰውዬው እየቀነሰ ይሄዳል።

«ካለቀሰችስ?» አልሁ።

«ማልቀስ ያለ ነው አባባ። ጨርሳ አልለምድ ካለች ግን አናስጨንቃትም፤ ለጊዜው ቤት ትቆያለች።»

ለጊዜው ቤት ትቆያለች። ቤት ማለት ከእኔ ጋር ማለት ነው። ይህን ስሰማ ጆሮዬ እንደ አህያ ቀጥ አለ።

«አብሬያት የምውለው እኔ ነኝ» አልሁ፣ ለዕድሜዬ በማይገባ ፍጥነት። መሠረት በጎን አየችኝ፤ ግን ሥራ አላት፤ ሌላ ማን አለ?

ክፉ አሰበ እንዳትሉኝ። ልጅ የማስለቀስ ሐሳብ አልነበረኝም። ፊቴን ብቻ ይዤ እሄዳለሁ ነው ያልሁት። ያዘነ ሽማግሌ አጠገቧ ሲቀመጥ እያየች አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ብታለቅስ፣ እኔ ምን አደረግሁ? ፊት የእግዜር ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ግን ሐዘኔን የሚያይ አላገኘሁም። ከበሩ ስንገባ ያ ከጉልበት በታች ያለው ሕዝብ ዞሮ አየን። ዝም ብሎ ነው የሚያያችሁ። ዓይኑን አያርገበግብም። ዳኛ ፊት ቆሜ አውቃለሁ፣ እንዲህ አልፈራሁም። ናቲ የሚባል ባለ ጉንጭ ልጅ መጣና ጉልበቴን ይዞ ለረጅም ጊዜ መረመረኝ፤ ከዚያ በእጄ የያዝሁትን ባርኔጣ ጎትቶ ወሰደና በአጥሩ ላይ ወደ ውጭ ወረወረው። ዘበኛው ሞላ አምጥቶ ሰጠኝ። «ይለምዱታል አባባ» አለኝ። እኔን ይሁን ባርኔጣውን አላወቅሁም።

ትንሽ ወንበር ሰጡኝ። ተቀመጥሁ። ስነሣ ወንበሩ አብሮኝ ተነሣ። ልጆቹ ይህም ጨዋታ መስሏቸው ከኋላዬ ተሰለፉ፤ እኔ ወንበሬን እንደ ላት ይዤ ስዞር እነሱም ተከትለው ዞሩ። ሚስ ሐና ተንበርክካ ከልጆቹ ጋር ታወራለች። አንድ ነገር የጠፋት መስሎኝ አብሬ መሬት መሬት አየሁ፤ ለካ ልክ ቁመታቸው ላይ ወርዳ ነው የምታወራው።

«ሚስ» አልኋት፣ «ትምህርቱ መቼ ነው የሚጀመረው?»

«ጀምሯል እኮ አባባ።»

ዞሬ አየሁ። አንዷ ውሃ ከኩባያ ወደ ኩባያ ትገለብጣለች፣ ግማሹ እግሯ ላይ ነው። አንዱ የእንጨት ቁርጥራጭ ይደረድራል፣ ያፈርሳል፣ ይስቃል። አንዱ ደግሞ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ሁለት እግሩ ብቻ ውጭ ቀርቷል።

«የቱ ነው ትምህርቱ?»

«ውሃ የምትቀዳዋ ስፍር እየተማረች ነው። ያኛው ሚዛን።»

«ካርቶኑ ውስጥ ያለውስ?»

ትንሽ አሰበች። «እሱ መውጣት እየተማረ ነው።»

እኛ የኔታ ዘንድ ሀ ግዕዝ ሁ ካዕብ ስንል የምንማረው በራስ ቅላችን ነበር፤ ኩርኩሙ ሲያርፍ ፊደሉ ይገባል። ስፍርና ሚዛን በውሃ ጨዋታ ይገባል ያለን አልነበረም። ቢሉንማ ኖሮ እኔ ዛሬ የት በደረስሁ።

እሜትዬ ጣቴን ይዛ ቆማ ነበር። እጇን አጣምራ አየች፣ አየች፣ አየች። ከዚያ «ወይ ጉድ» አለችና ጣቴን ለቀቀች። አሸዋው ላይ ሄዳ ተቀመጠች። «እህህ» እንኳ አላለችም። እኔ ፊቴን በሙሉ ኃይሌ አሳዝኜ ተቀመጥሁ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም፤ ናቲ ብቻ መጥቶ የተነከሰ ብስኩት ሰጠኝ። ወደ ቤት ለመሄድ ስንነሣ ልጅቱ ጆሮዋ ድረስ አሸዋ ሆና ነበር። እና ሮጠች። ከሸርታቴው እስከ በሩ ሮጠች። እኔ ቤት ሮጣ አታውቅም፤ ከፀሐይ ወደ ጥላ ሮጦ የሚሄድ ማን አለ?

ማታ መሠረት ጠየቀችኝ። «እንዴት ዋለች?»

«ትንሽ ተክዛለች» አልሁ። ሙሉ ውሸት አይደለም። ከሁለታችን አንዳችን ተክዘን ነበር። በማግስቱም «ምግብ አልበላ አላት» አልሁ። እሱም ከሁለታችን የአንዳችን ነበር። መሠረት ዝም አለች፤ የሚያስፈራኝን ዝምታ። ከዚያ «እስቲ ሳምንቱን እንሙላው፤ ካልሆነ ትቅር» አለች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ፈገግ አልሁ።

አሁን ወደ ዋናው ዕለት መጣን። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔና እሜትዬ የምንወጣው ከምሳ በፊት ነበር። ያን ቀን ግን ሚስ ሐና «ዛሬ እስከ ማታ እንሞክር» አለች። ስለዚህ በዚያ ግቢ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ጥፋቴን ከነካችሁ አይቀር ማቃለያዬንም ያዙ።

ምሳ ተበላ። ልጆቹ የተረፋቸውን ፍትፍት «ይጣላል» ሲሉ ሰምቼ ነውር ነው ብዬ ሁሉንም በላሁ። ረዳቶቹ ሳህን ሊያጥቡ ገቡ። ሚስ ሐና ውስጥ የምታስተካክለው ነገር ነበራትና «አባባ፣ ኩኩሉ ይችላሉ?» አለችኝ።

«ኩኩሉን እኔ ካልቻልሁ ማን ይችላል? አራት ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ።»

«እንግዲያው ለአፍታ ያጫውቷቸው።»

አውራ ዶሮ ሆንሁ። ግቢው መካከል ያለችውን የማንጎ ዛፍ ተደግፌ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥሁና ጋቢዬን ከራሴ በላይ ተከናነብሁ። «ኩኩሉ» አልሁ። «አልነጋም» አሉ። ከፍ ያለ ልጅ ቢሆን አልነጋም እያለ ይደበቅና ሲጨርስ «ነጋ» ይላል፤ ያኔ ዶሮው ፍለጋ ይወጣል። እነዚህ ግን መደበቅ የሚመስላቸው ሌላ ነው። በጋቢው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። አንዱ ፊቱን ግንዱ ውስጥ ቀብሮ መቀመጫውን ለዓለም ትቷል። አንዷ ፊት ለፊቴ ቆማ የራሷን ዓይን ይዛለች፤ እሷ ካላየችኝ እኔም አላያትም ማለት ነው። እሜትዬ ከማንጎዋ ወዲያ በኩል ትስቃለች። ነጋ የሚል የለም። የእነሱ ሌሊት ማለቂያ የለውም።

«ኩኩሉ።»

«አልነጋም።»

«ኩኩሉ።»

«አልነጋም።»

አሁን ስለ እንቅልፌ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕድሜዬን የጨረስሁት ፋብሪካ ውስጥ፣ በሽመና መኪናዎች መካከል ነው። መኪናው ሲንኳኳ የሚያርፍ፣ ሲቆም የሚደነግጥ ሰው ነኝ፤ መኪና ቆመ ማለት አንድ ነገር ተሰበረ ማለት ነውና። ለእኔ ጩኸት እሹሩሩ ነው። ያ ሁሉ ሕፃን አልነጋም እያለ ሲጮኽ፣ ሆዴም በፍትፍት ሞልቶ፣ ጋቢው ውስጥም ጨለማ ሆኖ... ምን ላድርግ? አውራ ዶሮው ተኛ።

የቀሰቀሰኝ ጸጥታው ነው።

ጋቢዬን ገለጥሁ። ግቢው ባዶ ነበር። አንድ ልጅ የለም። ኩባያው ተደፍቶ ውሃው ደርቋል። ዥዋዥዌው ብቻውን ቆሟል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ተሻሉ፣ መደበቅ ለመዱ አልሁ። ተነሥቼ ሸርታቴው ሥር አየሁ። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አየሁ። ካርቶኑን አነሣሁ። «ነጋ ወይ?» አልሁ፣ ቀስ ብዬ። መልስ የለም። የመጫወቻው ክፍል በሩ ክፍት፣ ውስጡ ባዶ። ወጥ ቤቱ ባዶ። ሚስ ሐና የለች፣ ረዳቶቹ የሉ። ከዚያ ሁልጊዜ በሰንሰለት የሚታሰረው፣ ወደ ሐይቁ የሚያወጣው ትንሹ በር ገርበብ ብሎ አየሁት።

ከደፉ ሥር የእሜትዬ ቢጫ ጫማ ወድቋል። አንድ እግሩ ብቻ።

ፍርሃት ደራሲ ነው፤ አንድ ጫማ ከሰጣችሁት መጽሐፍ ይጽፋል። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። እሜትዬ እኔ ስተኛ ወጥታለች። ሌሎቹ ያወቁት ዘግይተው ነው። ሚስ ሐናና ረዳቶቿ የቀሩትን ልጆች አዝለው፣ ታቅፈው፣ እየጎተቱ ፍለጋ ወጥተዋል። እኔን አልቀሰቀሱኝም። ለምን ይቀስቅሱኛል? ልጅ ያስጠፋ ሽማግሌ ተቀስቅሶ ምን ይጨምራል? ጫማዋን አነሣሁ። ከውስጡ አሸዋ ፈሰሰ።

በአጥሮቹ መካከል ያለችውን ቀጭን መንገድ እየሮጥሁ ወረድሁ። ሮጥሁ ስላችሁ በሕሊናዬ ነው፤ እግሬ የራሱ አስተያየት ነበረው። ጣናን ከሩቅ ሲያዩት ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ይመስላል። ልጅ የጠፋበት ሰው ሲያየው ግን አፍ ነው። ውሃው ዳር ዳሩን የበቀለውን ደንገል እየነቀነቀ ይልሳል። ባለፈው ክረምት እዚህ ጋ ጉማሬ ወጣ ያሉት ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር።

እዚህ አገር ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያወጣው ስለት ነው። ሐይቁ ደሴት በደሴት፣ ደሴቱም ደብር በደብር ስለሆነ አድራሻ አይቸግርም። ገና መንገዱ ላይ ሳለሁ «ጊዮርጊስ፣ ካገኘኋት ጧፍ» አልሁ። ዳርቻው ላይ ደርሼ ሳላያት ስቀር ጧፍ ያነሰ መሰለኝ። «የዘጌዋ ኪዳነ ምሕረት፣ ጃንጥላ» አልሁ። ወደ ግራ አየሁ፣ ወደ ቀኝ አየሁ፣ ማንም የለም። «ሚካኤል፣ መጋረጃ።» ጡረታዬ ለሻሽ እንኳ እንደማይበቃ ሚካኤልም ያውቃል፤ ግን የፈራ ሰው ዋጋ አይጠይቅም።

ዘበኛው ሞላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል፤ አጠገቡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ አለ። ልጅ ጠፋችብኝ ማለት ፈራሁ። ቃሉን ካወጣሁት እውነት ይሆናል። ደግሞም ከሞላ ጆሮ ወደ መሠረት ጆሮ ሩቅ አይደለም።

«ሞላ፣ በዚህ በኩል ሰው አላለፈም?»

«የምን ሰው?»

«ትንሽ ሰው።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

በእጄ ከጉልበቴ በታች ለካሁለት።

«እሱማ ልጅ ነው አባባ።»

«እሺ፣ ልጅ ይሁን። አላለፈም?»

«ልጅ እዚህ ምን ይሠራል? በዚህ ሰዓት እኮ ልጆቹ...»

እስኪጨርስ አልሰማሁትም። ደንገሉ መካከል፣ ከዳር ትንሽ ገባ ብሎ፣ ቀይ ነገር ውሃው ላይ ከፍ ዝቅ ሲል አይቻለሁ። እሜትዬ የለበሰችው ቀይ ሹራብ ነው።

ገባሁ። ከነጫማዬ፣ ከነጋቢዬ ገባሁ። ሐይቁ ዳር ሸብቼ ዋና የማልችል ሰው ነኝ፤ ውሃ ከጉልበቴ ሲያልፍ ነፍሴ ቀድማ ትወጣለች። ያን ቀን ውሃው ወገቤ ደረሰ። ጭቃው አንድ እግሬን ያዘና አልለቅም አለ። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ የለም። ቀዩ ነገር ይነሣል፣ ይወርዳል።

እዚያ ቆሜ ሌላ ስለት ፈለግሁ። ጧፉን ሰጥቻለሁ፣ ጃንጥላውን ሰጥቻለሁ፣ መጋረጃውን ሰጥቻለሁ። የቀረኝን ሳስብ፣ ከእሷ ጋር የምሞቃት ፀሐይ ብቻ ቀረች። «እመቤቴ» አልሁ፣ «ልጅቱን ብቻ ስጪኝ። ለመሠረት እውነቱን እናገራለሁ፣ ለምዳለች እላለሁ። እኔ ሁለተኛ እዚያ ግቢ አልገባም። ለእነሱ እተዋታለሁ። ትሳቅ ብቻ። ከእኔ ጋር ባይሆንም ትሳቅ።» ስናገር ድምፄ ወጣ። ይህን ስለት እንደ ሌሎቹ እየጨመርሁ አልደረስሁበትም፤ ከጭቃው ውስጥ ነው የመጣው።

እግሬን ነቅዬ፣ እጄን ዘርግቼ ቀዩን ነገር ጨበጥሁት። ጠንካራ ነበር። የጀሪካን ቁራጭ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ያለበትን ለማወቅ የሚያስሩት። ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ ስስበው መረቡ አብሮ መጣ፣ መረቡ ሲመጣ እኔ ውስጡ ነበርሁ።

ከደንገሉ ጀርባ አንድ ታንኳ ወጣ። ባለቤቱ ጎልማሳ ሰው ነው፤ መቅዘፊያውን ይዞ ቀጥ ብሎ አየኝ።

«አባቴ፣ ዓሣ ከሌላ ቦታ አጡ? መረቤን ይልቀቁልኝ።»

«ልጅ» አልሁት። «ልጅ ጠፍታብኝ ነው። ትንሽ ልጅ።»

ቀልዱን ወዲያው ተወ። አማተበ። መቅዘፊያውን ዘረጋልኝና እየጎተተ ዳር ድረስ አደረሰኝ። ከዚያ ተንበርክኮ መረቡን ከቁልፌ ላይ እያላቀቀ «ስሙኝ አባቴ» አለ፣ «ከጧት ጀምሮ እዚህ ነኝ። በዚህ ዳር የገባ ልጅ የለም። ዛሬ እዚህ ሐይቅ የገባው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሞላ አንዱን እግሩን ታጥቦ አንዱን ሳይታጠብ መጥቶ ቆሟል። «አባባ፣ ቅድም ልነግርዎት ነበር እኮ። በዚህ ሰዓት ልጆቹ ይተኛሉ።»

«የት?»

«ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ነዋ።»

«የኔዋ እንኳ አትተኛም። ያለ እኔ ደረት ተኝታ አታውቅም።»

«እሱን እንጃ። በሩን እኔ ነኝ ክፍት የተውሁት፤ ለዓሣ ወጥቼ።»

አላመንሁትም። መንገዱን ስመለስ ጫማዬ በየእርምጃው ይንቦጫረቅ ነበር፤ ጋቢዬ ከኋላ የጎተተው ውሃ ለአንድ አትክልት ቦታ ይበቃል። ከወጥ ቤቱ ጀርባ መጋረጃው የተጋረደ ክፍል አለ። በሩ ላይ ሚስ ሐና ቆማለች፤ ስታየኝ አፏን ልትከፍት ነበር፣ ራሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

አጮልቄ አየሁ። ሕዝቡ ሁሉ ፍራሽ ላይ እንደ በርበሬ ተሰጥቷል። ናቲ በጀርባው ተዘርሮ ያንኮራፋል። ከእሱ ቀጥሎ፣ በጎኗ፣ ቀይ ሹራቧ ከወገቧ ከፍ ብሎ፣ አንዱ እግሯ ላይ ጫማ ሳይኖር፣ እሜትዬ ተኝታለች። ጎኗ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። እሱን ቆሜ አየሁ። ብዙ አየሁ። ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጥሁ፣ ውሃው በሥሬ ኩሬ ሠራ።

«ምን ሆነው ነው አባባ?» አለች ሚስ ሐና በሹክሹክታ።

«ሐይቁን ልይ ብዬ ነው።»

«ከውስጥ?»

ጫማዋን ዘረጋሁላት። «ይህን አገኘሁ።»

«እኛም ስንፈልገው ነበር። ናቲ ነው የወረወረው።»

«ማን አስተኛት?»

«ማንም። ልጆቹ ሲገቡ አብራ ገባች፤ ፍራሹን አየች፣ ሄዳ ተኛች። ታለቅሳለች ብለን ፈርተን ነበር።»

«እኔን አልጠራችም?»

ሚስ ሐና ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ስታልፍ ማንጎዋ ሥር አየችዎት። ቆም አለችና ‹አባባ ተኛ› አለች። ለዚህ ነው ያልቀሰቀስንዎት።»

ልብ አላችሁ? ዓለም ላይ ሁለት ቃል ብቻ የነበራት ልጅ ዓረፍተ ነገር ሠራች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሯም በእኔ ላይ የተሰጠ ምስክርነት ሆነ።

ማታ መሠረት መጣች። እንደ ወትሮዋ በሩ ላይ ቆማ «እንዴት ዋለች?» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፌ ላይ «አለቀሰች» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ነገ ፀሐዩ የእኛ ነው። ጭቃ ውስጥ ሆኜ የተሳልሁትን ማን ሰማ? ሞላ ሩቅ ነበር፣ ባለ ታንኳው ገና አልመጣም። ጧፉንና ጃንጥላውን አስገብቼ የመጨረሻዋን ብተዋትስ? ግን ያልተከፈለ ስለት በማን ላይ እንደሚዞር ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነገር ሰምቻለሁ። በራሴ ላይ ቢሆን ከእመቤታችን ጋር ትንሽ እከራከር ነበር። በእሷ ላይ ግን አልደፍርም። ሰው ሐቀኛ የሚሆነው አንዳንዴ ከፍርሃት ነው፤ ይቆጠርልኛል ወይ አይቆጠርልኝም፣ እንጃ።

«ለምዳለች» አልሁ።

«እውነት?»

«ብቻዋን ተኛች። ትሮጣለች። ዓረፍተ ነገር ጀምራለች።»

«ምን አለች?»

«እሱን ሚስ ሐና ትንገርሽ።»

መሠረት ዓይኗ ውሃ ሞላ። ልጇን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። ከዚያ ቀስ ብላ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አባዬ፣ ሱሪዎ ምን ሆነ?»

«ከልጆቹ ጋር በውሃ ስንጫወት።»

«እስከ ወገብዎ?»

«ስፍር እየተማርሁ ነው።»

በማግስቱ እኔው ነኝ ያደረስኋት። በሩ ላይ ጣቴን ለቀቀችና ገባች፤ ወደ ኋላ አልዞረችም። ሞላ በሩን ይዞ ጠበቀኝ።

«ይግቡ እንጂ አባባ።»

«አልገባም።»

«ተቀየሙ እንዴ?»

«ስለት አለብኝ።»

ሞላ የሰንበቴ ሰው ነው፤ ስለት ሲባል ቆቡን አወለቀ፣ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። በሩን ዘጋው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ ወጣና «ታዲያ አሁን ወዴት ይሄዳሉ?» አለኝ።

ሐይቁ ውስጥ ያልመጣ ሌላ ዓይነት ፍርሃት ያኔ መጣብኝ። «ቤት» አልሁ።

«ቤት ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

ከበሩ ውጭ፣ አጥሩ ሥር፣ ሞላ የሚቀመጥባት አግዳሚ አለች። በክንዱ አቧራዋን ጠረገና ወደ ጫፍ ተጠጋልኝ። ወዲያው አልተቀመጥሁም። ስለቴን ቃል በቃል እንደ ጠበቃ መረመርሁት። ግቢው ውስጥ አልገባም አልሁ እንጂ አጥሩን አልደገፍም አላልሁም። ተቀመጥሁ። ጆሮዬን የአጥሩ ቆርቆሮ ላይ አደረግሁ።

አንድ ልጅ አለቀሰ። ብድግ አልሁ።

«ናቲ ነው» አለ ሞላ። «ይቀመጡ።»

ተቀመጥሁ። ፀሐዩ እየዞረ መጣ፤ እንደ ልማዴ ጥላ ፍለጋ አልሄድሁም። ውስጥ ይዘምራሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይጮኻሉ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዷን ሳቅ ለየኋት። ከማን ጋር እንደምትስቅ አላውቅም። ጠበቅሁ፤ ምሳቸው እስኪደርስ ድረስ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም።

ተመስገን አልሁ። ግማሹን ከልቤ ነው።